ሙቀቱና ጨረሩ አንድ አይደሉም፦ በርካሽ ሴንሰር የፀሐይን አልትራ ቫዮሌት መለካት

ከሸዋሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መንገደኛ ጋቢ መደረብ ግድ ይለዋል። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ፀሐይም የደከመች ትመስላለች። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራ ቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሰማዩ በጠራ ቀን ብርድ ያስጨነቀው ደገኛ፣ በይፋት ቆላ በላብ ከተጠመቀው አርሶ አደር የበለጠ ጨረር ያርፍበታል።

ቆዳችን የሚለየው ሙቀትን እንጂ ይህን ጨረር አይደለም፤ ዓይናችንም አያየውም። መጠኑን ለማወቅ ያለው መንገድ መለካት ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት የምርምር መሣሪያዎች እጅግ ውድ ናቸው። ዛሬ ግን ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ በጥቂት ዶላር የሚሸጡ ሴንሰሮች አሉ። ምን ሊነግሩን እንደሚችሉና ምን ሊነግሩን እንደማይችሉ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከምድር የሚደርሰው አልትራ ቫዮሌት በአብዛኛው፣ ማለትም 95 በመቶ ያህሉ፣ «ኤ» የተባለው ዓይነት ነው። ቀሪው «ቢ» በመጠን ጥቂት ቢሆንም ቆዳን በማቃጠል ረገድ ኃይሉ የላቀ ነው። «ሲ» የተባለውን አደገኛ ዓይነት ከባቢ አየር ያስቀረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት የአልትራ ቫዮሌት ኢንዴክስ በቆዳ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት መሠረት አድርጎ ጨረሩን በቁጥር ያስቀምጣል። እስከ 2 ዝቅተኛ ሲሆን፣ ከ3 ጀምሮ ጥላና ባርኔጣ ይመከራል፤ 8 ሲደርስ በጣም ከፍተኛ፣ ከ11 ጀምሮ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ይባላል።

ሸዋሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 8 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። በሚያዝያ ጥርት ያለ ሰማይ ኢንዴክሱ በቀላሉ ከ11 ያልፋል። የጨረሩ ከፍታ የሚደርሰውም ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከሸዋሮቢት በስተምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ነውና። ሽንኩርት የሚያርሙ፣ መስኖ የሚያጠጡና ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ይህንን ሰዓት ሜዳ ላይ ያሳልፉታል። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ብዙዎቻችንን ከቃጠሎ ቢከላከልም ዓይንን ግን አያድንም፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽን ከሚያባብሱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጨረር ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ የቆዳ ካንሰር ጉዳይ ነው።

ወደ ሴንሰሮቹ እንመለስ። ጉቫ-ኤስ12ኤስዲ፣ ኤምኤል8511 እና ኤልቲአር390 በስፋት የሚታወቁ ናቸው። ጨረሩ ሲያርፍባቸው እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ይህም ተጎልብቶ እንደ አርዱዊኖ ባለ አነስተኛ ሰሌዳ ይነበባል። ኤምኤል8511 ጨረር በሌለበትም 1 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይ ያንን መቀነስ ያስፈልጋል። ኤስአይ1145 የተባለው ግን አልትራ ቫዮሌትን ጭራሽ አይለካም፤ ከሚታየው ብርሃንና ከኢንፍራሬድ ተነስቶ ይገምታል እንጂ። ሲገዙ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዋናው ድክመታቸው አብዛኛው ንባባቸው ከ«ኤ» የሚመጣ መሆኑ ነው። ጠዋትና ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ቢ» ከ«ኤ» ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ በእኩለ ቀን የተስተካከለ ሴንሰር በእነዚህ ሰዓታት ኢንዴክሱን አጋንኖ ያሳያል። በመስኮት መስታወት መሸፈንም ስህተት ነው፤ መስታወቱ «ቢ»ን ያግዳል። ከጎን የሚመጣውን ብርሃን በትክክል እንዲቀበል ስስ ነጭ ቴፍሎን ይሻላል። የበጋው አቧራ ደግሞ በየጊዜው ይጠረግ። በዚህ ጸሐፊ እይታ መሣሪያው ጥላን ከሜዳ፣ ጠዋትን ከቀትር ለማወዳደር እንጂ ከነጥብ በኋላ ባሉት አሃዞች ለመመካት አይሆንም።

ይህ ለቆዳ ድክመት የሆነው ነገር ግን ለመጠጥ ውሃ ጥቅም ይሆናል። ሶዲስ በተባለው ዘዴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለን ውሃ ከተሕዋስያን የሚያጸዳው በዋናነት «ኤ» ነውና። ዘዴውን በሊባኖስ የቤይሩት ተመራማሪው አፍቲም አክራ እ.ኤ.አ. በ1980 አስተዋወቀው፤ ኋላም የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኤአዋግ አስፋፋው። በክልላችን ዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ዘዴውን በተጠቀሙ ቤተሰቦች ዘንድ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው፣ ቀለም የሌለውና ከ2 ሊትር የማይበልጥ ጠርሙስ ተሞልቶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለ6 ሰዓት ይጋደማል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ 2 ቀን ያስፈልጋል፤ ዝናቡ ካላባራ ግን ዘዴው አይሠራም። ውሃው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ማጽዳቱ ይፋጠናል፤ በዚህ ረገድ የቆላው ሙቀት ያግዛል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወንዞቹን የሚያደፈርሰው ፀሐይ በምትጠፋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሰዓት መቁጠር ያን ጊዜ አያስተማምንም፤ ሴንሰር ግን ደመናው በገለጠ ቁጥር የደረሰውን ጨረር እየደመረ ይይዛል። ዋዲ የተባለው የኦስትሪያ መሣሪያ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከጠርሙሶቹ ጎን ይቀመጣል፤ ውሃው ሲደርስ የፈገግታ ፊት ያሳያል። ባትሪም አይሻም።

ሴንሰሩ የውሃውን ጥራት ግን አያይም። የደፈረሰ ውሃ ጨረሩን ስለሚያግድ አስቀድሞ ማስቀመጥና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርዕስ ላይ አቁሞ ከአፉ ወደ ታች ሲያዩ ፊደሉ ካልተነበበ፣ ውሃው ለፀሐይ ገና አልደረሰም። ጨዋማነትንና ኬሚካልን ደግሞ ይህ ዘዴ አያስወግድም።