አሞሌ ቀበቶ የታጠቀው ለምንድን ነው?

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ገንዘብ ዝናብ ሲነካው የሚሟሟ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ?

ቀልድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ፣ በሸዋ ገበያ ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን ለዝርዝር የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። የምኒልክ መልክ ያለበት ብር ገና አልተሠራም፤ ፓሪስ የተመታው የመጀመሪያው ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ነው ያለበት።

አሞሌ የሚመጣው ከአፋር፣ ከባሕር ጠለል በታች ካለው የጨው ሜዳ ነው። በእጅ ተፈልጦ፣ እንደ ሞረድ ተጠርቦ፣ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ መሀል አገር ይዘልቃል፤ በራቀ ቁጥርም ይወደዳል። እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ክረምቱ ጉምና ዝናብ የሆነ ተራራ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ከአየሩ ውሃ እየሳበ ማላብ ይጀምራል። በዚያ ላይ ተሰባሪ ነው፤ የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ገንዘብህ መንገድ ላይ ተሰበረ ማለት እኮ ነው!

መፍትሔው ቀበቶ ነበር። አሞሌው በሸምበቆ ወይም በሌላ ተክል ስንጥቅ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ጨው መጨመቅን ይችላል፤ መታጠፍን ግን አይችልም። ማሰሪያው ዙሪያውን ይዞ ስለሚጨምቀው፣ ቢሰነጠቅ እንኳ ቁርጥራጩ ቶሎ አይለያይም። ዛሬ በውጭ አገር ሙዚየሞች ከነማሰሪያው የሚታይ አሞሌ አለ። እኔ ግን ማሰሪያው ከጨዉ ባልተናነሰ ይገርመኛል።

ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ ስማቸው የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሂዴዩኪ ኦካ የተባለ ንድፍ ሠሪ የአገሩን ባህላዊ መጠቅለያዎች ሰብስቦ ያሳየበት መጽሐፍ በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቶ ዓለምን አስደንቋል። የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ አምስት እንቁላል እንዴት እንደሚጠቀለል የሚል ነው፤ እንቁላሎቹ በሩዝ ገለባ ተደርድረው ይታሰራሉ። የገለባው ጉልበት ያው የአሞሌው ቀበቶ ጉልበት ነው፦ ተሰባሪውን ነገር ሳያፍን አጥብቆ መያዝ።

እኛ ጋ አገልግል አለ። ውስጡ የተሰፋ ስፌት፣ ውጭው ቆዳ። ስፌቱ ቅርጹን ይይዛል፣ ቆዳው ወጡ እንዳይንጠባጠብና አቧራ እንዳይገባ ይከላከላል። መንገደኛ በጠፍሩ አንጠልጥሎት ይሄዳል። የብራና መጽሐፍም እንዲሁ የቆዳ ማኅደር አለው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚልቀው ኮባ ነው። የእንሰት ቅጠል ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ ገጹ ሰም መሰል ስለሆነ ውሃ ሲፈስበት ይንከባለላል። ቅቤ በእሱ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ጉራጌ አገር ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ በእሱ ይነጠፋል። እናቶች ዳቦ ከመጋገራቸው በፊት ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ ሲያደርጉት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ትኩስ ቅጠል ቶሎ የሚቀደደው ሕዋሳቱ ውሃ ሞልቷቸው ስለተወጠሩ ነው፤ ሙቀቱ ውጥረቱን ሲያላላው እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ከዚያ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይፈስበታል፣ ከላይም ኮባ ይለብሳል። እሳቱ ከላይም ከታችም ነው፤ ታዲያ ዳቦው ለምን አያርም? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪተን ድረስ ሙቀቱን ስለሚሻማና ሊጡን በእንፋሎት ስለሚያበስለው ነው። መጠቅለያም፣ ማብሰያም፣ ሽታም ሆነ ማለት ነው።

ፌስታል ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይበልጣል፦ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። በሱ መፍረድ ይከብደኛል፤ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ኮባ ከየት ያመጣል? ግን ኮባ በሳምንታት ውስጥ አፈር ይሆናል፤ ፌስታል ከዘመናት በኋላም ቦይ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

ኮባው በበዓል ዋዜማ አሁንም አዲስ አበባ ገበያ በሸክም ይገባል። ድፎው በስሎ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ የቅጠሉ ጅማት መስመር መስመር ሆኖ ታትሞ ይወጣል።