የቆየውን ሥራ ሳያፈርሱ ስለ መፈተን

ሰው በእጁ የሠራውን ሳይመረምር ለሌላ አይሰጥም። ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን በቱንቢ ያያል፤ ነጋዴም ሚዛኑን ይፈትሻል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሓፊዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚመረምሩት በእጃቸው እየነካኩ፥ በዓይናቸው እያዩ ነበር። ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተለወጠ፥ ይልቁንም ሕዝብ እየተገለገለበት ላለ የኢንተርኔት ፕሮግራም ፈተና እንዴት እንደ ተጨመረለት በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የነገሩን ትርጉም እናስረዳ። መሐንዲሱ ከዋናው ፕሮግራም ጎን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል። ይህም እንደ መምህር ሆኖ ዋናውን ይጠይቀዋል፤ የሱቅ ፕሮግራም ቢሆን፥ 3 ደብተር እያንዳንዱ በ20 ብር ሲሸጥ ድምሩ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱ 60 ካልሆነ ስሕተት መኖሩን ወዲያው ያስታውቃል። መምህር ይደክማል፤ ይህ ፈታኝ ግን በቀን ሺህ ጊዜ ቢጠይቅ አይሰለችም።

በ1994 አሜሪካዊው ኬንት ቤክ ስሞልቶክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚጽፉ ሰዎች የፈተና መሣሪያ አቀረበ። በ1997 እርሱና ኤሪክ ጋማ ከዙሪክ ወደ አትላንታ በአውሮፕላን ሲጓዙ ጃቫ ለተባለው ቋንቋ የሚሆነውን ጄዩኒትን አብረው ጻፉ። በ2004 ደግሞ ጄሰን ሀጊንስ በቺካጎ ሴሌኒየምን ሠራ፤ ይህም እንደ ሰው ሆኖ ድረ ገጽ እየከፈተና ቁልፉን እየተጫነ ይፈትናል።

መሣሪያው ቢገኝም የአሮጌው ሥራ ችግር አልቀረም። አሮጌውን ለመፈተን ጥቂት መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈተና መለወጥ ደግሞ ያስፈራል። ማይክል ፌዘርስ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ፕሮግራሙን ከመለወጥ በፊት ዛሬ የሚያደርገውን ነገር በፈተና መዝግቦ መያዝ እንደሚገባ መከረ።

በጉግል ኩባንያ የሆነው ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው። የሰውን ጥያቄ ተቀብሎ የፍለጋውን መልስ የሚያቀርበው ፕሮግራም በ2005 እጅግ ሰፍቶና ተወሳስቦ ነበር። የኩባንያው ሰዎች በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፥ በአንድ ወቅት ለሕዝብ ከሚወጡት አዳዲስ እትሞች ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ተጠቃሚውን የሚነካ ስሕተት ስለ ነበረባቸው ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። መሐንዲሶቹ ዕውቀት አልጐደላቸውም፤ ነገር ግን አንዱን ሲነኩ የትኛው እንደሚሰበር ስለማያውቁ ልበ ሙሉነት አጡ። በዚህ ጊዜ የሥራው መሪ ደንብ አወጣ። ደንቡም ሁሉን አፍርሳችሁ እንደ ገና ጻፉ የሚል አልነበረም፤ ማንኛውም አዲስ ለውጥ ፈተናውን ይዞ ይምጣ፥ ፈተናዎቹም ያለማቋረጥ ይካሄዱ የሚል ነበር እንጂ። በአንድ ዓመት ውስጥ የድንገተኛ ጥገና እትሞች በግማሽ ቀነሱ፤ ይህም የሆነው በየሩብ ዓመቱ የሚገባው ለውጥ ከቀድሞው ይልቅ በበዛበት ወቅት ነው። በ2006 ስለ ፈተና የሚያስተምሩ ባለ አንድ ገጽ ጽሑፎች በኩባንያው መጸዳጃ ቤቶች ይለጠፉ ጀመር፤ በዚያ ስፍራ ማንም ለማንበብ ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልምና።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ፈተና ሠራተኛውን ለማሳፈር ሳይሆን ድፍረት ለመስጠት ነው፤ ስሕተቱ ቶሎ እንደሚታወቅ የሚያምን ሰው ያለ ፍርሃት ያሻሽላል። ሁለተኛ፥ ፈታኙ የሚያውቀው የተጻፈለትን ጥያቄ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሰው ማስተዋል ሥራውን አይለቅም።

ከእኛ መካከል ነገ በባንክ፥ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም የሚረከቡ ይኖራሉ። ያን ሁሉ በአንድ ቀን መፈተን አይቻል ይሆናል፤ ዛሬ የምንነካውን ክፍል ግን ዛሬ መፈተን እንችላለን። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለዚህም ሥራ ይሆናልና፥ የተረከብነውን ሳንንቅና ሳንፈራ ደረጃ በደረጃ እናጽና።