አጥሩና መስኮቱ፦ ከስቴት ውጭ የሚማር ልጅ ክፍያ ከየት መጣ?

በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አሜሪካ ወደሚኖሩ ብዙ የሐበሻ ቤቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይገባል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተቀብለንሃል፤ ነገር ግን የምትጀምረው ከሌሎቹ ጋር በፎል ሳይሆን በሰመር ነው፤ በሰመር የምትወስዳቸውን ኮርሶች በተጠየቀው ውጤት ካለፍክ ትቀጥላለህ። ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ዩኒቨርሲቲው ቤተሰቡ ከሚኖርበት ስቴት ውጭ ከሆነ ግን ከደብዳቤው ኋላ የሂሳብ ወረቀት ይከተላል። እልልታው የሚበርደው ያኔ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ነገሩን ከሬሜዲያል ጋር ልታመሳስሉት ትችላላችሁ። በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቅበላ መሆኑ ያመሳስለዋል። ልዩነቱ ዋጋው ነው። ይህን ዋጋ ለመረዳት ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ የአጥር፣ ሌላው የመስኮት ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአጥሩ እንጀምር። በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የሞሪል ሕግን ፈረሙ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ስቴት በኮንግረስ ባለው ተወካይ ቁጥር ልክ፣ ለአንድ ተወካይ 30,000 ኤከር መሬት ይሰጣል። ስቴቶቹ መሬቱን ሸጠው የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጅ ያቋቁማሉ። ከመሬቱ ብዙው ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። ለጉዳያችን ዋናው ነጥብ ስጦታው ከፌዴራል መንግሥት ቢመጣም ባለቤቱ ስቴቱ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የሚኖረው ከስቴቱ ግብር ከፋይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ሆነ። ስለዚህም «የእኛ ልጆች» እና «የሌላ ሰው ልጆች» የሚል ልዩነት መጣ። ሚሺጋን ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ ከመጣ ተማሪ የበለጠ ታስከፍል ነበር። በ1922 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ከነዋሪና ነዋሪ ካልሆነ ተማሪ የተለያየ ክፍያ መጠየቅ ይችላል ብሎ ወሰነ።

መነሻው ክፋት አልነበረም። አባቱ ለሃያ ዓመት ግብር የከፈለለትን ልጅና ትናንት ከሌላ ስቴት የመጣውን በአንድ ዋጋ ማስተማር ለከፋዩ ፍትሐዊ አይመስለውም። በ1960 የወጣው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን ለነዋሪዎች ትምህርቱ ያለ ትዩሽን እንዲሆን የነበረውን መርህ ሲያጸና ከውጭ የሚመጣው ግን እንዲከፍል አድርጓል። የአጥሩ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ለውስጡ ሰው ነፃ፣ ለውጭው በክፍያ።

ጥያቄው ማን «የውስጥ ሰው» ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ነገሩ ተካረረ። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚኒሶታን የአንድ ዓመት የነዋሪነት ደንብ አጸደቀ። በ1973 ግን ሌላ ጉዳይ መጣ። በኮነቲከት ሕግ መሠረት አንድ ተማሪ ሲያመለክት አድራሻው ከስቴቱ ውጭ ከነበረ፣ ተማሪ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ምንጊዜም እንደ ውጭ ሰው ይቆጠር ነበር። ማርጋሬት ክላይን የኮነቲከት ሰው አግብታ፣ መንጃ ፈቃዷን፣ የመኪናዋን ሰሌዳና የመራጭነት ምዝገባዋን እዚያው አድርጋ ሳለ እንደ ካሊፎርኒያ ሰው እንድትከፍል ተደረገች። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ነዋሪ መሆኑን የማስረዳት ዕድል ሊነፈገው አይገባም ብሎ ሕጉን ሻረ። አጥሩ ግን አልፈረሰም፤ በር ብቻ ተሠራለት። ስቴቱ አሁንም አንድ ዓመት ኑር፣ ማስረጃ አምጣ ማለት ይችላል።

ለእኛ ሰፈር የቀረበው ክርክር ሜሪላንድ ውስጥ የተካሄደው ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጂ-4 በሚባለው ቪዛ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ልጆች፣ ማለትም የዓለም ባንክን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞችን ልጆች፣ የነዋሪ ክፍያ ይከለክላቸው ነበር። ምክንያቱ ወላጆቻቸው ከደመወዛቸው ግብር አይከፍሉም የሚል ነው። ልጆቹ በ1975 ከሰሱ። ጉዳዩ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ተቋጨ፦ የፌዴራል መንግሥት ኑሮአቸውን እንዲመሠርቱ ፈቅዶላቸው፣ ከግብርም ነፃ አድርጓቸው ሳለ ስቴት በዚያው ምክንያት ሸክም ሊጨምርባቸው አይችልም። ዛሬ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኮሌጅ ፓርክ በነዋሪ ዋጋ የሚማሩ ከሆነ፣ ከጀርባው የሰባት ዓመት ሙግት አለ።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባት። ከተማዋ ስቴት አይደለችም፤ ስለዚህ ከራሷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀር ልጆቿ የትም ቢሄዱ «የውጭ» ናቸው። በ1999 ኮንግረስ ልዩ ሕግ አወጣና በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ የዲሲ ልጅ ሁለቱን ክፍያዎች የሚለየውን ገንዘብ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር መሸፈን ተጀመረ። አንድ መንገድ ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የአክስት ልጆች ይህ አይመለከታቸውም። አጥር ሲባል እንዲህ ነው፤ ዘመድ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የአጥሩ ትርጉም ተለወጠ። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ስቴቶች ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚሰጡትን ገንዘብ ቀነሱ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ዓይናቸውን ሙሉ ዋጋ ወደሚከፍለው የውጭ ተማሪ አዞሩ። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከስቴቱ ውጭ የመጡት ተማሪዎች ከስቴቱ ልጆች በለጡ። ሰሜን ካሮላይና ቀድማ፣ በ1986፣ የውጭ ተማሪ ከአዲስ ገቢዎች 18 በመቶ እንዳይበልጥ ወስና ነበር፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2017 ለአብዛኞቹ ካምፓሶቹ ተመሳሳይ ጣሪያ አበጀ። የግብር ከፋዩን ድርሻ ለመጠበቅ የተሠራው አጥር ቀስ በቀስ የገቢ ምንጭ ሆነ። በኮሌጅ ቦርድ ስሌት በ2024-25 የትምህርት ዘመን የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አማካይ የትምህርት ክፍያ ለነዋሪ 11,610፣ ለውጭ ተማሪ 30,780 ዶላር ነበር። ምግብና መኝታ አልተቆጠረም።

አሁን ወደ መስኮቱ። የሰመር ቅበላ የተወለደው ከተቃውሞና ከእሳት መሃል ነው። በሐምሌ 1967 ኒዋርክ ተቃጠለች። በማግስቱ ዓመት ኒው ጀርሲ የትምህርት ዕድል ፈንድ የሚባለውን አቋቋመች። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ደካማ ትምህርት ቤት የተማረን የድሃ ልጅ በፈተና ውጤቱ ብቻ አትጣሉት፤ በሰመር አምጡት፣ ሒሳብና ጽሑፍ አጠናክሩለት፣ አማካሪ ስጡት፣ ከዚያ ከሌላው ጋር ይሰለፍ። ኒው ዮርክ ከተማም በ1966 ሲክ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምራ ነበር። ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ተጠቃሚው የዚያው ስቴት ወይም የዚያው ከተማ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ከጎኑ የሕዝብ ገንዘብ ቆሟል። ልጁ ቢወድቅ እንኳ ዕዳ ተሸክሞ እንዳይወጣ ታስቦ ነበር።

ዛሬ የሚመጣው ደብዳቤ የዚህን መስኮት መልክ ይዟል፤ ሁልጊዜ ግን ነፍሱን አልያዘም። ከስቴት ውጭ ላለ ልጅ ሲሰጥ መስኮቱ በአጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የእርዳታው ሥርዓት የተሠራው ለፎልና ለስፕሪንግ ነውና ሰመር ሁልጊዜ የእንጀራ ልጅ ነበር። የፔል እርዳታን ታሪክ ተመልከቱ። ኮንግረስ በ2008 በዓመት ሁለተኛ ፔል ለሰመር እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በ2011 ወጪ በዛ ብሎ ሰረዘው፤ በ2017 መልሶ አመጣው። የተማሪው የፌዴራል ብድርም ጣሪያ አለው፤ በወላጅ ሥር ላለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በትምህርት ዓመቱ 5,500 ዶላር ነው። ሰመሩ ከዚያው ዓመት ጋር ከተቆጠረ በሰኔ የተበደረው ከስፕሪንጉ ላይ ይጎድላል።

የቀረውን ለብዙ ዓመታት የሸፈነው ፓረንት ፕላስ የተባለው የወላጅ ብድር ነው። በ1980 ተፈጠረ፤ በ1992 ዓመታዊ ጣሪያው ተነሣና ወላጅ እስከ ሙሉ ወጪው እንዲበደር ተፈቀደለት። በ2025 የወጣው ሕግ ይህን በር ጠበብ አድርጎታል። ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው ደግሞ 65,000 ዶላር ነው። አሁን ደምሩ። ከላይ ባለው አማካይ ክፍያ በነዋሪና በውጭ ተማሪ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 19,170፣ በአራት ዓመት 76,680 ዶላር ነው። ልዩነቱ ብቻውን ለወላጅ ከተፈቀደው የዕድሜ ልክ ብድር ይበልጣል። ቀሪው ከግል ባንክ፣ ከዕቁብ ወይም ከቤቱ ላይ ይመጣል ማለት ነው።

ጣሪያው ቤተሰብን ከዕዳ ያድናል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። የድሃውን ልጅ በር ይዘጋል የሚሉም አሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው። የእኔ አቋም ግን ሕጉን ከመፍረድ በፊት ይመጣል፦ ወላጅ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ መግባት የለበትም። የቅድሚያ ክፍያው ቀን እንደ ልማዱ ግንቦት 1 (ሜይ 1) ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የሰመሩ ትምህርት፣ መኝታና ምግብ ብቻ ስንት ነው? ከእርዳታው የትኛው ለሰመር ይሠራል? የሚጠየቀው ውጤት ስንት ነው፤ ልጁ ካላመጣስ የተከፈለው ይመለሳል? የተሰጠው ስኮላርሺፕ አራቱንም ዓመት ይቆያል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

«ዳላስ አክስቱ ጋ እንላከውና ነዋሪ ይባል» የሚለው የሰፈር ምክር በአብዛኛው አይሠራም። በወላጅ ሥር ያለ ልጅ ነዋሪነት በጥቅሉ ወላጁን ነው የሚከተለው፤ ለትምህርት ብሎ መሄድም ነዋሪ አያደርግም። የሚሠሩ መንገዶች ሌሎች ናቸው። በምዕራብ ስቴቶች ከ1988 ጀምሮ ያለው የተማሪ ልውውጥ፣ በአባል ዩኒቨርሲቲዎች ለሚቀበሏቸው ተማሪዎች ክፍያውን ከነዋሪው ዋጋ 150 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል፤ ዴንቨርና ላስቬጋስ ያላችሁ ይህን እዩ። ሚኒሶታ ከጎረቤቶቿ ጋር የክፍያ ስምምነት አላት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ ደጃችሁ ናቸው፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የታወቀ መንገድ ነው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

የእኛ ችግር የመረጃ ብቻ አይደለም፤ የስምም ነው። «ልጄ እንትን ዩኒቨርሲቲ ገባ» ማለት በማኅበሩና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክብደት አለው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያስገባ አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ስንት ቤተሰብን ለአሥር ዓመት ሁለት ፈረቃ እንዳሠራ ቆጥረነው አናውቅም። አጥሩን የሠሩት የየስቴቱ ሕግ አውጪዎች ናቸው፤ መስኮቱን ያስከፈተው የኒዋርክ ድሃ ነው። በመስኮቱ ለመግባት አጥሩን መግዛት ግን የማንም ግዴታ አይደለም። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይህን ቁጭ ብሎ በቁጥር ማስረዳት ፍቅር የጎደለው ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ ዕዳውን በሃያ ሁለት ዓመቱ ብቻውን ከሚያውቀው፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ቢያውቀው ይሻላል።