ጳጉሜ ሳጥን የላትም

ጥር 2011 ጉደር አጠገብ ለአንድ የሕፃናት ጥናት መረጃ እሰበስብ ነበር። ልጅቷ መቼ እንደተወለደች ስጠይቅ እናትየዋ «ቃሜ ሦስት፣ 2009» አለችኝ። ቃሜ በኦሮምኛ ጳጉሜ ነው። ታብሌቱ ላይ ወር የሚለው ቦታ 13 ብዬ ስጽፍ እምቢ አለኝ፤ ቅጹ የሚያውቀው እስከ 12 ብቻ ነው። ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል። «ያው መስከረም ለመግባት ሁለት ሦስት ቀን ነው» ብዬ 1 ጻፍኩና አለፍኩ። ዓመቱን ግን 2009 እንዳለ ተውኩት።

እንግዲህ የ16 ወሯ ልጅ በዚያች ቁጥር የ28 ወር ሆነች። ክብደቷ 9 ኪሎ ነበር። ለ16 ወር ሴት ልጅ ደህና ነው፤ ለ28 ወር ግን በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ነው። ጤነኛዋን ልጅ ምግብ የጎደላት አድርጌ መዘገብኳት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የቆዩ መጠይቆችን ማየት ልማድ ሆነብኝ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ግንቦት 1976 ሲካሄድ፣ አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። በሕግ የታዘዘው የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው እንኳ ሐምሌ 2008 ነው። ስለዚህ ዕድሜ የሚለካው በትውስታ ነበር፦ ጣልያን ሲገባ፣ ንጉሡ ሲወርዱ፣ በ77 ድርቅ። መልሱም ወደ 30፣ 40፣ 50 ይጠጋጋል። ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በ1979 የጀመሩት ፕሮግራም ሌላ መንገድ ያዘ፤ ከመጠየቅ ይልቅ እየተመላለሱ ልደትና ሞትን በየቤቱ መመዝገብ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን በ1992 የተደረገው የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጥናቱ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ፎርማት ወሩን ሁሉ ከ1900 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ይቆጥራል። የኛ መረጃ ግን በኛው ዘመን አቆጣጠር ነው የተቀመጠው። ወደ ፈረንጅ መቀየር የፈለገ ተመራማሪ 92 ወር ይደምራል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። በቀን ደረጃ ፍጹም አይደለም፣ መስከረም 1 እዚያ ወር ሲጋመስ ነው የሚጀምረው። ቢሆንም የስሌቱ ሸክም የወደቀው ቢሮ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው፤ ልጅ ታቅፋ በቆመችው እናት ላይ አይደለም። የኔ ቅጽ ይህን ገልብጦ ሸክሙን ለኔ ሰጠኝ፣ እኔም በችኮላ ተሸከምኩት።

ማታ አምቦ ስንመለስ ሱፐርቫይዘራችን የክትባት ካርዱን ፎቶ ከቅጹ ጋር ሲያስተያይ ቆም አለ። በ6 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት የተወጋችው ጥቅምት 2010 ነው። በኔ ቅጽ ልጅቷ ያኔ ዓመት አልፏታል። «ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ የት ከረመች?» አለኝ።

የወር ቁጥሩ ተነስቶ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ በስም ተዘረዘረ። እኔ ግን ከዚያ በፊት በሞላኋቸው ቅጾች ላይ «መስከረም» የሚሉትን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ እንደገና ቤት ለቤት መዞር ነበረብኝ።