ደምቢ ዶሎ ላይ ያሸነፈው ማን ነው?

«ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን» በሚለው ጉዳይ ስትከራከሩ ሰነበታችሁ። እኔም በሀገሬ እኮራለሁ። ግን አንድ የቤልጂጎች ታሪክ ላጫውታችሁ፤ የተፈጸመው እኛው ሀገር ነው። ረዘም ካለ ታገሱኝ።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1932 ጀርመን ቤልጂየምን ወረረች። ጦሯ በ18 ቀን እጁን ሰጠ፣ ንጉሡ ተማረኩ፣ ሚኒስትሮቹ ተሰደው ለንደን ገቡ። ስደተኛ መንግሥት ማለት ነው፤ የጎደላቸው የራሽን ካርድ ብቻ ነው። በእጃቸው የቀረችው ኮንጎ ነበረች።

ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው የኮንጎ ቅኝ ጦር በሱዳን በኩል ዞሮ ጣሊያንን ሊወጋ መጣ። በመጋቢት 1933 አሶሳና ጋምቤላ ተያዙ። ከዚያ ወደ ሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንላት፣ ሽቅብ መውጣት ነበር። ስንቁ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ዝናቡ ወረደ፤ በሽታም ገባበት። ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ ከነጄኔራሎቹ ለቤልጂጉ ጄኔራል ዢሊያርት እጁን ሰጠ። ሀገሩን የተነጠቀ መንግሥት ድል አገኘ፣ ቤልጂጎችም ኮሩ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ሆኖም የተኮሰውም፣ ሸክሙን የተሸከመውም ኮንጎአዊው ነበር። መኮንኑ ሁሉ ነጭ ነው። (ያን ጊዜ እዚሁ ሞያሌ ለእንግሊዝ የተዋጋው የኬንያ ወታደርም በነጭ መኮንን ነበር የሚታዘዘው።) ከሳዮ ድል 19 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1952 ኮንጎ ነጻ ስትወጣ እንኳ አንድም ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረም። በአምስተኛው ቀን የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ያንሰንስ ወታደሮቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው፤ ከነጻነት በፊት እኩል ይሆናል ከነጻነት በኋላ። አስተማሪ ነኝና ብዙ መጥፎ የሰሌዳ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ጦሩ ወዲያው አመፀ።

አሁን ወደ እኛ። ዓድዋ በ1888 ነው። ከዘመቱት መካከል ገባሮችም ባሮችም ነበሩ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረበት አዋጅ የወጣው ነሐሴ 1934 ነው፤ 46 ዓመት ቆይቶ። ገባሩ ደግሞ የመሬቱን አዋጅ እስከ 1967 ጠበቀ። ይህን ስጽፍ «ታሪካችንን አታጉድፍ» የሚለኝ አይጠፋም። ዓድዋን አላጎደፍኩም፤ የዘማቾቹን ቁጥር ነው የሞላሁት።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ እኛው መካከል አንድ ልጅ ሽማግሌ ልኮ «አጥንቱ አይታወቅም» ተብሎ ተመልሷል። እንደ እኛው በድንበር የገባ፣ ከእኛው ጋር የሚሰለፍ ልጅ ነው። የመለሱት ደግሞ የካቲት 23 ባንዲራ ይዘው ከፊት የሚቆሙ ናቸው። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ በእናንተ ፊት መናገሬ ድፍረት አይሁንብኝ።

ለዘንድሮው በዓል ተናጋሪ እየመረጥን ነው። የዚያ ልጅ አባት ይናገሩልን ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። እሑድ ስንሰበሰብ ድምፅ እንስጥበት።