«ብርድ ነው» የተባለው ኩላሊት

አራዳ ያደግን ልጆች አንድ የጋራ ምርመራ ነበረን። ሆዳችንን ካመመን «ብርድ ነው»፣ ጎናችንን ከወጋን «ኩላሊቱን ብርድ መታው»። መድኃኒቱም ያው ነው፦ ጋቢ፣ ትኩስ ሻይ፣ ጦስኝ ከተገኘም ጦስኝ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ልጅ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናላ! ዛሬ የምናወራው ግን ብርድ ስላልሆነው ነው፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ (ሐኪሞች ዩሬተር ይሉታል) ውስጥ ስለሚበቅል፣ ካንሰር ስላልሆነ እባጭ።

ስሙ ፋይብሮኤፒተሊያል ፖሊፕ ነው። ስሙን ለመያዝ አትድከሙ፤ ጠባዩን ያዙ። በልጆች ላይ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው፤ ሲገኝም ወንዶቹ ላይና በግራ በኩል ይበዛል። እንደ ጣት ተንጠልጥሎ ቱቦው ውስጥ ይወዛወዛል። ሲዘጋው ሽንት ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ልጁም ይጮኻል። ሲለቀው ሕመሙ ጥፍት ይላል። እናት ሐኪም ቤት እስክታደርሰው ልጁ ኳስ አምሮታል። ከዚያ «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» ይባላል። አንዳንዴም ሽንቱ ይቀላል።

ይህን ነገር በዓይን ማየት የተቻለው እንዴት ነው? ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1895 ነው። አራት ወር ሳይሞላ ዓድዋ ሆነ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ለቁስለኞች የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል አዲስ አበባ ላይ ሐኪም ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከዚያ ይቀዳል። በ1920ዎቹ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ቤተ ሳይዳን አሠሩ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የዛሬው የካቲት 12 ማለት ነው። (ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስንቱ ቤት ሲፈርስ፣ አራዳ ስሟን የተረፈችው እንዲህ ባሉት ነው እንላለን።)

በውጭው ዓለም እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለት ሐኪሞች በፊኛ በኩል የብር ውህድ ወደ ላይ ረጭተው ቱቦውን በኤክስሬይ አሳዩ። በ1912 አሜሪካዊው ሂዩ ሃምፕተን ያንግ የአንድ ሕፃን ቱቦ በጣም ተለጥጦ ቢያገኘው መመልከቻ መሣሪያውን አስገብቶ እስከ ኩላሊቱ ዘለቀ። ቱቦው ውስጥ በመሣሪያ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰውየውም ልጅ እንጂ አዋቂ አልነበረም! በ1929 ሞሰስ ስዊክ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም አስተዋወቀ። ኩላሊትና ቱቦ ነጭ ሆነው ወጡ፤ ፖሊፕ ካለም በነጩ መሀል ጥላ ሆኖ ይታያል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥላው ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይፈራል፣ ኩላሊቱን ከነቱቦው ያወጣል፣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ስንት ደህና ኩላሊት እንዲህ ሄዷል! ዛሬ መንገዱ ሌላ ነው፦ የታመመውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መስፋት። ለዚህ የሚያገለግለውን የአንደርሰንና ሃይንስን ስፌት ዓለም ከ1949 ጀምሮ ያውቀዋል። ሲያመች ደግሞ በቀጭን መመልከቻ ገብቶ በሌዘር ማንሣት ይቻላል። የተቆረጠው ግን ሁልጊዜ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መተካት ሲጀመር አጨብጭበናል፤ ይገባልም። ከመበላሸቱ በፊት ለተረፈ የልጅ ኩላሊት ግን ማንም አያጨበጭብም፤ ዜናም አይሆን።

አልትራሳውንድ ያበጠውን ኩላሊት ያሳያል፤ ፖሊፑን ራሱን ግን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ስለዚህ «ቱቦው ጠቧል» ተብሎ የተከፈተ ልጅ ውስጥ ሐኪሙ ድንገት ያገኘዋል። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ኩላሊቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። መጥቶ የሚሄድ የጎን ሕመም ያለበት ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ምርመራው እያመመው ሳለ ቢደረግ ነው የሚሻለው፤ ጋቢውን እንደለበሰ።