የፈሳሽ ገጽ ውጥረትና ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ትንፋሽ ስላጠረው ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሐኪሞቹም ከፍተኛ ግፊት ወዳለው የኦክሲጅን ክፍል አስገቡት። ሆኖም በተወለደ በ39 ሰዓቱ ዐረፈ። የሚያስቈጨው፣ የበሽታው ምክንያት ከአራት ዓመት በፊት በዚያው በቦስተን ከተማ ተደርሶበት የነበረ መሆኑ ነው።

በዚህ በሽታ በሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ መስተዋት መሰል ሽፋን ይታይ ስለ ነበር፣ በሽታው ስሙን ከሽፋኑ አገኘ። ተመራማሪዎችም ሽፋኑ ከየት እንደ መጣ ሲፈልጉ ብዙ ደከሙ። መፈለግ የነበረበት ግን በሳንባው ውስጥ የጐደለው ነገር ነበር።

ሳንባ ውስጣቸው በስስ ፈሳሽ የረጠበ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። የፈሳሹ ገጽ ዘወትር ለመጥበብ ስለሚስብ ከረጢቱን ያኰማትራል። በላፕላስ ሕግ መሠረት ይህን የሚቋቋመው ግፊት ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ከረጢቶቹ ባየር ወጪ ጊዜ የሚከደኑበት ሕፃን እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ መጀመሪያው ትንፋሽ በብርቱ ትግል ይስባል።

ኩርት ፎን ኔርጋርድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1929 በስዊዘርላንድ መርምሮታል። የአሳማን ሳንባ በአየር ለመንፋት የሚያስፈልገው ግፊት በፈሳሽ ለመሙላት ከሚያስፈልገው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኘው። ጕዳዩ ለአራስ ሕፃን የመጀመሪያ ትንፋሽ ሊጠና እንደሚገባም አመለከተ። ጽሑፉ ግን ለሩብ ምዕት ዓመት ያህል ሰሚ አጣ። ነገሩን እንደገና የቀሰቀሱት የሕፃናት ሐኪሞች አልነበሩም፤ በጦር ኀይል የኬሚካል ቤተ ሙከራዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓትል በ1955 ከሳንባ የወጣ አረፋ ሳይፈነዳ መቈየቱን አስተዋለ። አሜሪካዊው ጆን ክሌመንትስ ደግሞ በ1957 የሳንባ ፈሳሽ ገጽ ሲጨመቅ ውጥረቱ ወደ 10 ዳይን በሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለካ፤ የንጹሕ ውሃ በሰውነት ሙቀት 70 ያህል ነው። ውጥረቱን የሚያላላው ሳንባው ራሱ የሚያመነጨው ሰርፋክታንት ነው።

ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጂየር ሚድ በ1959 በበሽታው የሞቱ ሕፃናትን ሳንባ ሲለኩ ውጥረቱ እንደሚገባው አልወረደም። ሽፋኑ የጕዳቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ነበር።

መድኀኒቱ ግን ዘገየ። የሚገርመው፣ ሕፃናቱ ራሳቸው መንገዱን ሲያሳዩ መኖራቸው ነው። የታመመው ሕፃን አየር ሲያስወጣ ያቃስታል፤ ይኸውም ጕሮሮውን ከፊል ዘግቶ በሳንባው ውስጥ ግፊት ለማስቀረት ነው። ጆርጅ ግሬጎሪና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ይህንኑ ግፊት ሳያቋርጥ ከውጭ ሰጡ፤ በ1971 ባወጡት ዘገባ ከ20 ሕፃናት 16ቱ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ግፊቱ በቀላል ዘዴ የሚሰጥበት መሣሪያም ተሠራ፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ ግፊቱ የ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ቴትሱሮ ፉጂዋራ በበኩሉ በ1980 በጃፓን ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥቶ መልካም ውጤት አገኘ።

ጠርሙሱ ቀላል ቢሆንም የሚገባበት አየር ጕዳይ ቀላል አይደለም። ከመጠን ያለፈ ኦክሲጅን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ዐይን እንደሚያሳውር በ1950ዎቹ ተረጋግጧል። ስለዚህ የታመቀ አየርና ማደባለቂያ በሌለበት ክፍል ቱቦውን ከኦክሲጅን ሲሊንደር ጋር ብቻ ማገናኘት፣ ሳንባውን ሲያድን ዐይኑን ሊያጠፋ ይችላል።